አሥራ አንድ ሚስድ ኮል

መጋቢት 14፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬም መኪናዋን አላጠብኩም። የኋላው መስኮት ላይ የውሻችን የቡቺ አፍንጫ ያረፈበት ምልክት አለ፣ ከውስጥ በኩል። ጨርቅ አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አምስት ቀን ሆነ።

እማ ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች። ሰንጋ ተራ፣ ውሻዋን ፍለጋ። ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ። እዚያ ከመኪና ዘሎ ጠፋ ብያታለሁ። ማስታወሻዬ፣ አንቺንም ዋሽቼሻለሁ።

መጋቢት 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ያን ቀን ለጎረቤታችን ምስክር ሆኜ ፍ/ቤት ተጠርቼ ነበር። ቀጠሮው 4 ሰዓት። ከዚያ ቡቺን ላስከትብ አስቤ ይዤው ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው ብዬ! ሰንጋ ተራ፣ ግንብ ጥላ ሥር አቆምኩ። መስኮቱን ጣት የምታስገባ ያህል ከፈትኩለት። ስልክ ቁጥሬን እንደ ልማዳችን በወረቀት ጽፌ ከፊት መስተዋቱ ሥር አኖርኩ፤ ችግር ካለ ይደውላሉ።

ከዚያ ፍተሻው ጋ ስልኬን አስረከብኩ። ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቁጥሩ መኪናው ላይ፣ ስልኩ በር ላይ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?

ስወጣ 6 ሰዓት ተኩል። ጥላው ዞሯል። ስልኬን ተቀበልኩ፤ አሥራ አንድ ሚስድ ኮል፣ ሁሉም ከአንድ ቁጥር። ሮጥኩ። የመኪና ማቆሚያው ሠራተኛ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴትዮ፣ በዚያች ክፍተት በሃይላንድ ውሃ እያፈሰሰች ታለቅሳለች። መስተዋት ብሰብር ሌባ ይሉኛል ብላ ፈርታ ነው። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ቡቺ አልተነሣም። በኮቴ ጠቅልዬ ከከተማ ወጥቼ ቀበርኩት።

መጋቢት 17፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር አጎንብሼ ውስጡን አያለሁ። ዛሬ ሜክሲኮ አንዱ ስፖኪዮ ልትፈታ ነው ብሎ አንገቴን ያዘኝ። ውሻ እንዳይኖር እያየሁ ነው አልኩት። አብዷል ብሎ ለቀቀኝ። ሳያውቅ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ስነዳ ከኋላ ወንበር በጥፍሩ ሲቧጥጥ ይሰማኛል። አራቱንም መስኮት እከፍታለሁ፤ አይለቀኝም። ወንበሩ አሁንም እርጥብ እርጥብ ይሸታል።

ቤት ስገባ እማ ማስታወቂያ አስጻፈችኝ። የጠፋ ውሻ፣ ነጭ፣ ጆሮው ቡናማ። ስልኩ ያንተ ይሁን አለችኝ። ያንኑ ቁጥር፣ በዚያው ስክሪብቶ። ስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ብርድ ነው አልኳት። በመጋቢት!

መጋቢት 18፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

እማ ዛሬ ቶሎ ተመለሰች። እንደነገረችኝ፣ ማስታወቂያውን ግንቡ ላይ ስትለጥፍ ያቺ የመኪና ማቆሚያዋ ሴትዮ አየቻት። ቡቺን ከማስታወቂያው ላይ አላወቀችውም፤ ያወቀችው ቁጥሩን ነው። አሥራ አንድ ጊዜ የደወለ ሰው እንዴት ይረሳዋል? የማን ቁጥር ነው ብላ ጠየቀቻት፤ የልጄ ነው አለች እማ። እናቴ፣ ልጅዎን ይጠይቁ ብላ እቅፍ አድርጋ ሸኘቻት።

እማ ሳሎን ተቀምጣለች። ነጠላዋን አላወለቀችም። ዳቦው ከነፌስታሉ ጭኗ ላይ ነው። የምታውቅ ይመስለኛል፤ ከእኔ አፍ ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ እዚህ በር ዘግቼ እጽፋለሁ፣ ፈሪ!

ስሜን እየጠራች ነው። አንዴ። አሁን ሁለተኛ።

እሷን አሥራ አንድ ጊዜ አላስጠራትም። ልነግራት ነው፣ ከዚያ የቀበርኩበት ወስጄ አሳያታለሁ።