ውዝዋዜው የማን ነው

ውድ አክስቴ ፒሲላ፣

በደስታ ነው የምጽፍልዎ፣ አይስጉ። ልደውልልዎ ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴም መልሼ አስቀመጥኩት። የአባቴ ታላቅ እህት ነዎት፤ እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲያ ያድርጉ ማለት ለእኔ ቢጤ አይፈቀድም። ወረቀት ግን አያፍርም። ስለዚህ ሳልዞር ልናገር፦ ኦክላንድን ትተው ወደ ቤት፣ ወደ ቶንጋ፣ ወደ ደሴታችን ሊፉካ ይመለሱ። ስምንት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ማጠፍ ይበቃል። «መጥቼስ ምን ልበላ ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እሱን ልንገርዎ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ከሦስት ወር በፊት፣ በስልኬ ቀጥታ እያስተላለፍኩ መወዛወዝ የጀመርኩ ሰሞን፣ ደውለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ኬሳያ፣ ውዝዋዜው የማን ነው?» እኔ ጅሏ «የእኔ ነዋ» አልኩ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም። እውነትዎን ነበር። እኛ ዘንድ ልጅቷ ዘይት ተቀብታ ስትቆም ሰው ገንዘብ የሚለጥፍባት ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ወይም ለሙሽሮቹ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም፤ ከትከሻዋ የወደቀውን እንኳ ጎንበስ ብላ አታነሳም። እኔ ግን የመጀመሪያውን ገቢ ወስጄ ለስልኩ መብራት ገዛሁበት። አፍሬም ሦስት ወር ሙሉ ተደበቅሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።

ደግሞ ያ ገቢ ገቢ እንዳይመስልዎ። ስልኩን የምትይዝልኝ ላታይ ናት፣ ያቺ ገበያው አጠገብ የስልክ ካርድ የምትሸጠው፤ ነገሩን ያስረዳችኝም እሷ ናት። ተመልካቹ በገንዘቡ ትንንሽ ሥዕል ይገዛል፤ አበባ፣ ዘውድ፣ ታንኳ። አበባዋ የሳንቲም ናት፣ ታንኳዋ ግን ሃያ ፓአንጋ ታወጣለች። እየተወዛወዝኩ ሳለ ይልክልኛል፤ ግማሹን የመተግበሪያው ባለቤቶች ይወስዳሉ፣ ግማሹ በየሳምንቱ ለእኔ ይገባል። በየወሩ ትንሽ እየከፈለ አባል የሚሆንም አለ። ለእኔ የሚመጣው አበባ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ሦስት ይመጣና ይቆማል።

«ስማቸውን እየጠራሽ አመስግኚ እንጂ» ትለኛለች ላታይ። «ሰውየው ገንዘቡን ልኮ ግድግዳ ያናገረ መሰለው።»

«ስወዛወዝ አፌን ልክፈት? ምን ነካሽ?»

«እንግዲያው በዘይቱ ዓሣ ጥበሺበት።»

እርስዎ አሳምረው ያውቁታል። አንገት ዘንበል፣ ፈገግታ ሳይጠፋ፣ የሚናገረው ጣት ብቻ ነው፤ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ጩኸቱና ፌዙ ከኋላ ሆኖ ለሚዘለው ሰው የተተወ ነው። ያ ሰው ደግሞ በሰርጉም በምረቃውም እርስዎ ነበሩ፤ ጫማዎን አውልቀው፣ ዓይንዎን አፍጥጠው፣ ስንቱን ቋጣሪ ሽማግሌ ኪሱን ያስበረበሩ። እኔ ከፊት ቆሜ የማምረው እርስዎ ከኋላ ስላሉ ነበር። ይህን አንድ ቀን እንኳ ነግሬዎት አላውቅም።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ጀመርን። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ጊታሩን ይመታል፣ ተመልካቹ አርባ ቢሞላ ነው። ድንገት ላታይ «ውይ» አለች፤ ስልኩ ላይ ስምዎን አየች። ከዚያ እርስዎ የጻፉት ሁሉ ይዘንብ ጀመር፣ ላታይም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች።

«ሲድኒ ያለኸው ቴቪታ፣ የፎአ ደሴት ልጅ ሆነህ አንዲት አበባ? አባትህም ዓሣ ሲያካፍል ጭራውን ነበር የሚሰጠው።»

«አክስት ፒሲላ፣ በሞቴ አባቴን ይተዉት፤ ይኸው ታንኳ።»

«ታንኳ ብቻዋን ምን ትሠራለች? ጓደኛ ጨምርላት።»

ጨመረላት። እርስዎ ግን መች ዝም አሉ። «እናንተ ብሪዝበኖች፣ ልትሸልሙ ነው የመጣችሁት ወይስ ልታዩ? ሰርግ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ ዝንብ ነው።»

ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነከስኩ። ይህን ጊዜ ጊታሩ ቀጥ አለ። አባቴ የእህቱን ፌዝ እየሰማ እንዴት ይቀመጥ? ወንድምና እህት በአንድ ጣራ ሥር እንዲህ ያለ ጨዋታ አይሰሙም፤ እርስዎ ኦክላንድ እሱ እዚህ ቢሆንም ጣራው አንድ ሆነበት። ጊታሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ውልቅ አለ። ያለ ሙዚቃ ቀረሁ። እጄን አላቆምኩም፤ በልቤ ግን አለቀልን አልኩ።

ወዲያው በመስኮቱ በኩል ጊታሩ ተሰማ። ማንጎው ሥር ቆሞ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ላታይ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጀርባውን ለተመልካቹ አሳየችው።

አክስቴ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገርዎ! የቶንጋ ሰው በያለበት ነገሩ ገባው። «ወንድምየው ሸሸ፣ ግን አልተዋትም» እያለ አንዱ ለሌላው ላከ፤ ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ አለቀስኩ ይላል። ታንኳ በታንኳ ላይ ሆነ። አርባው ሰው ሦስት ሺህ ገባ። በዚያች ከሰዓት የመጣው ከሦስት ወሩ በለጠ፣ አባል የሆነውም መቶ አለፈ። ማክሰኞ ደግሞ ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ያለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ደወለልኝ። «የእኔን ልብስ ለብሰሽ ተወዛወዢ፣ በየወሩ እከፍልሻለሁ» አለኝ። ሊዘጋ ሲል፣ «ያቺ ተሳዳቢ ሴትዮ ከሌለች ግን ውሉ ይቅር» አለ። ላታይ እሑድም ብንሠራ እጥፍ እናገኛለን ትላለች፤ እሑድማ ፓስተሩ ቢምሩኝ እርስዎ እንደማይምሩኝ ነግሬያታለሁ።

አሁን ለጥያቄዎ መልስ አለኝ። ለእኔ ትምህርት ብለው ሄዱ፤ ትምህርቱ ካለቀ አራት ዓመት ሆነው፣ እርስዎ ግን እዚያው ቀሩ፣ እኔም ይመለሱ ለማለት አፍ አጣሁ። ውዝዋዜው የእርስዎ ነው። ከቅዳሜው ገንዘብ ለራሴ ሳንቲም አልነካሁም፤ የአውሮፕላን ትኬት በስምዎ ቆረጥኩበት፣ ለሚቀጥለው ወር አሥራ አራት። ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ነው፣ ርካሹ እሱ ስለነበረ። እምቢ ካሉም መብትዎ ነው፣ አልቀየምም፤ ግን ናፍቀውኛል፣ በጣም ናፍቀውኛል።

አባቴ ምን ይላል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እህቱን ነይ ብሎ ማዘዝ የእሱ ቦታ አይደለም፤ ስምዎ ሲነሳ ስለ ዝናብ ያወራል። ሐሙስ ጠዋት ግን የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ከመስኮቱ ውጭ አግዳሚ ወንበር እየሠራ ነው። «ምን ሊያደርግልህ?» አልኩት። ቀና ሳይል፣ «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀመጠው እዚህ ነው» አለ። አንድ ሚስማር መታና፣ «የማይነቅዝ እንጨት ነው የመረጥኩት» አለኝ።

ከኋላዬ ቦታ ትቼ የምጠብቅዎ፣
የወንድምዎ ልጅ ኬሳያ
ፓንጋይ፣ ሊፉካ