የሌለ ጣት ሲያሳክክ

ጥቅምት 6
ልብስ አጠብኩ። ደመናው አሾፈብኝ፣ እርጥቡን መልሼ አስገባሁት። ማታ የልጅ ልጄ ሚጣ ከፋብሪካ ስትመለስ እንደ ልማዷ ከኋላዬ ቆማ፣ እጇን እጄ ላይ ጭና፣ መጻፍ ብለምድም ገና የሚንጋደድብኝን ፊደል አስጻፈችኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ፣ አሁን አስተማሪዋ እሷ... ዓለም ተገለበጠች።
«እማማ፣ ‹ቀ›ሽ ወገቧን ይዛ ቆማለች።»
«አንቺም በኔ ዕድሜ ትይዥዋለሽ!»
ሳቅን።

ጥቅምት 11
እጇን በላው። ማሽኑ። ቀኝ እጇን... ሌባ ጣቷና መሃል ጣቷ የሉም።
ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 20
ከሐኪም ቤት ወጣች። አትናገርም። የምለፈልፈው እኔ ነኝ። ዝም ካልኩ ያ ማሽን ይሰማኛላ። በዓይኔ እንኳ አይቼው አላውቅም፣ እንዴት ይሰማኛል?
ጓደኛዋ መጥታ አስረዳችኝ። የቆርቆሮ ክዳን የሚቆርጥ ማሽን ነው። በር አለው፣ በሩ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሥራ እንዳይጓተት ግን ማቆሚያውን በሽቦ ያስሩና በሩን ከፍተው ይሠራሉ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚሠራው አለች።
«ማነው የሚያስረው?»
«አለቃችን። ሁሌም እሱ ነው።»

ጥቅምት 23
«እማማ፣ ጣቴን እከኪልኝ።»
«የቱን?»
«የሌለውን።»
የቀለደች መሰለኝ። ዓይኗን አየሁት... አልቀለደችም። ምን ላድርግ? ፋሻው ካለቀበት ወዲያ አየሩን አከክሁ።
«ዝቅ በዪ... እዚያ ጋ... እሰይ።»
ትንፋሿ ወጣ። እጄ ግን በረደው። ምን ነክቼ ነው?

ጥቅምት 29
አለቃው መጣ። በአንድ እጁ ብርቱካን ይዟል፣ ሌላው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ሲቀመጥም አላወጣው። ባለኪሱ አልኩት በሆዴ።
«እማማ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሲጠይቋት ማቆሚያውን ያሰርኩት ራሴ ነኝ ትበል። የጥበቃ ክፍል ቀላል ሥራ እንሰጣታለን።»
«እንዲያ ካለች ካሳውስ?»
ብርቱካኑን ወደኔ ገፋ አደረገው።
የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ሴትዮ ቀደም ብላ አስጠንቅቃናለች፤ ጥፋቱን ከወሰድሽ ካሳው ይቀርብሻል፣ የሆነውን እንደሆነው ተናገሪ ብላታለች። ሚጣዬ ግን ደክሟታል። «እላለሁ፣ ይብቃኝ» አትልም መሰላችሁ! ደሜ ፈላ።
«በል እንግዲህ ጌታው፣ ጣቷን ያሳክካታል። እከክላት!»
ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ወደሷ ጎንበስ አለ።
«የቱ ጋ ነው? ጫፉ ጋ?» አላት ቀስ ብሎ። «የኔም ጫፉ ጋ ነው።»
እጁን ከኪሱ አወጣው። ሦስት ጣት የለውም። ጠባሳው የቆየ ነው።
«ያው ማሽን?» አለች ሚጣ።
«ያው። በል ያሉኝን አልኩ፣ አለቃ አደረጉኝ።»
ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ብርቱካኑን የነካው የለም።

ኅዳር 7
የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድን። ሚጣ እንደሆነው ተናገረች። ድምጿ አልተቆረጠም። ከኋላችን በሩ ተከፈተ... ባለኪሱ!
«ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሰር ተብዬ» አለ።
በሁለቱም እጁ ወንበሩን ይዞ።

የካቲት 14
ካሳው ተወሰነላት። ባለኪሱን አባረሩት። ጓደኛዋ እንደነገረችን ሽቦው ተፈቷል፤ በሩ ሲከፈት አሁን ማሽኑ ቀጥ ይላል። እኔ ጆሮ ውስጥ ግን አልቆመም።
ዛሬ ከኋላዋ የቆምኩት እኔ ነኝ። ግራ እጇን ይዤ «ቀ» አስጻፍኳት። ተንጋደደችባት።
«ወገቧን ይዛለች» አልኳት። «ምነው፣ በዚህ ዕድሜሽ?»
ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ገና ዛሬ።
እከኪልኝ አላለችኝም። ጣቶቿ የት እንደሄዱ እኔ አውቃለሁ። አልነግራትም። ይህን ስጽፍ እንደ ድሮው እጄ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም... ብዕሩን ይገፉልኛል።