ስፖኪዮ የሌላት መንኩራኩር

ከዓይኔ ለራቅሽው፣ ከልቤ ግን ፈቀቅ ላላልሽው ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? ባልሽስ እንዴት ነው? በፎቶ እንጂ በጉልበቴ ላይ ያላስቀመጥኳት የልጅ ልጄስ ጥርስ አበቀለች? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ከዚህ በቀር የጎደለኝ ነገር ቢኖር እናንተ ናችሁ።

በጽሕፈቴ አትሳቂብኝ። እናትሽ በሕይወት ሳለች እኔ እያወራሁ እሷ ነበረች የምትጽፈው፤ ተናድጄ ክፉ ቃል ስናገር ዝም ብላ ትዘለው ነበር። አሁን የሚዘልልኝ ሰው ስለሌለ ያልኩት ሁሉ እንዳለ ይደርስሻል። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ያው ሽቦው የምንለው፣ እኔ ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ፊደሌ እንደ ሰካራም እግር ቢወላገድም የራሴ ነው።

የላክሽልኝን የቴሌቪዥን ድራማ ሐሳብ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስሄድኩ ራሴ አነበብኩት። አምስት ሰዎች በአንዲት መንኩራኩር ተሳፍረው ከጨረቃ ወዲያ ማዶ የሚሄዱበት ታሪክ። እንቅልፍ የማይወስዳት ካፒቴን፣ ውሸታም ምግብ አብሳይ፣ ተኳርፈው የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ ደግሞ ከሞተሩ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል፣ የሟች ሚስቱን ሻሽ እጀታ ላይ ያሰረ የካፒቴኗ አባት። ያን ሽማግሌ ከየት እንዳመጣሽው አልጠይቅሽም። ጡረታ ወጥቼ መኪናውን ሳስረክብ የእናትሽን ሻሽ ከማርሹ ላይ ፈትቼ ይዤው መጥቻለሁ፤ አሁን አልጋዬ ራስጌ ላይ ነው። ግን መካኒክ ስላደረግሽኝ ከፍቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ያሽከረከርኩ ሰው ነኝ፤ መኪና ሥር የተኛሁት ስትበላሽብኝ ብቻ ነው።

የቴሌቪዥኑ ሰዎች ባለታሪኮቹን ወደዋቸው፣ ነገር ግን ተመልካቹ የሚሰጋበት ነገር የለም እንዳሉሽ ጽፈሻል። ከተቀበሉሽ ሥራው ሦስት ዓመት እዚያው እንደሚያቆይሽ፣ ካልተቀበሉሽ ግን ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ እንደምትመጡም ጽፈሻል። ይህን ሁሉ ካልሽ በኋላ «አባዬ፣ ረጅም መንገድ አንተ ታውቃለህ፤ ምንድን ነው የጎደላት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እስቲ አሁን ይህ ለአባት የሚቀርብ ጥያቄ ነው?

የጎደላትን ወዲያው ነው ያወቅሁት። ወረቀቱን ግን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት። አክስትሽ ልትጠይቀኝ መጥታ ነገሩን ብነግራት ገርሟት አየችኝ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ዝም በል። አንተ ዝም ካልክ እሷ ትመጣለች» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ክፍልሽን ጠረግኩ፣ የማይዘጋውን መስኮት አበጀሁ፣ ለልጅቷ ከአሮጌ ወንበሮች እንጨት ትንሽ አልጋ መሥራት ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሽሻለሁ። ለወጉ ያህል አንድ ምክር ልላክላት ብዬ፣ የመንኩራኩሯ ሞተር ሲግል ዳር ይዛ ትቁምና ውኃ ይጨመርላት ብላትስ ብዬ ሽቦውን አማከርኩት። እዚያ ምን ዳር አለና ነው ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። እስካሁን አኩርፌዋለሁ።

ትናንት ከቤታችን ፊት ያለው ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ ሁለት ከባድ መኪናዎች ጭነው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። እኛም ረጅም መንገድ የምንወጣው እንዲሁ ሁለት ሁለት እየሆንን ነበር። የፊተኛው የኋለኛውን መብራት ስፖኪዮው ውስጥ ካጣ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ ይጠብቃል። የኋለኛውም ሕግ አለበት። ምንም ቢቸግረው ፊተኛው ዳገት ላይ ሳለ ክላክስ አይነፋበትም፣ መብራት አያብለጨልጭበትም። ጭኖ ዳገት ላይ የቆመ መኪና መልሶ መነሣት ይከብደዋል፤ ወደ ኋላ ይንከባለላል።

አንቺ አሁን ዳገት ላይ ነሽ። አልጠራሽም።

ስለዚህ የጎደላት ይኸውልሽ። መንኩራኩሯ ብቻዋን መሄዷ ነው ስሕተቱ። ሁለት አድርጊያቸው። ካፒቴኗ ከፊት ትሂድ፤ ሽማግሌውን ከእሷ መንኩራኩር አውርጂና የኋለኛዋን መሪ አስጨብጪው። የፊተኛዋም ስፖኪዮ ይኑራት። ሰማይ ላይ ስፖኪዮ የለም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ሽቦውም ብሎኛል፤ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ፣ ግጠሚላት። የአባቷ መብራት አንዴ ይታያት፣ አንዴ ይጥፋባት። ካፒቴኗ እንቅልፍ ያጣችው ለምን እንደሆነ ያኔ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ተመልካቹ በዚህ ካልሰጋ በምን ሊሰጋ ነው? ሽማግሌውን ግን እንዳትገድዪብኝ። ቀርፋፋ ይሁን ግድ የለም፣ ይምጣ ብቻ።

አክስትሽ ይህን መላኬን ስትሰማ ጅል ነህ ብላኛለች። ይሁን። አልጋውን እጨርሰዋለሁ። ልጅቷ እስክትመጣ አድጋ ቢያጥራት እንጨት እቀጥልበታለሁ።

ለባልሽ ሰላም በዪልኝ፤ ብዙ የማያወራ ሰው ለረጅም መንገድ ጥሩ ነው። የልጅ ልጄን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ሪዙ የሚኮሰኩሰው አያትሽ ነው ብለሽ ንገሪያት። አክስትሽ እየተቆጣችም ቢሆን ናፍቀሻታል። ሽቦውም ሰላም ብሎሻል፤ ባኮርፈውም የሰው መልእክት አልበላም።

ዳገቱን ስትጨርሺ አናቱ ላይ ዳር ይዘሽ ቁሚ። ሁለቱንም ፍሬቻ አብሪ። እኔ ቀስ እያልኩ እየመጣሁ ነው።

አባትሽ

ከጋራዡ ጀርባ፣ ከቤታችን
በጥቅምት ወር፣ እሑድ ከሰዓት