ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ጥር 3

ሽንኩርት ስለቅም ዋልኩ። ግማሹ በስብሷል።

ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፈው። ባለቤቴ ፈቃዱ የሞተ ዕለት ግራና ገበያ አልነበርኩም። ቤት ነበርኩ፤ ጓዳ ቁጭ ብዬ ስልኬን አያለሁ። በልጄ ደብተር ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ስልክ የገዛሁት ታሪክ ላነብበት ነበር። ያን ቀን ግን ታሪክም አልነበረም። የማላውቃቸው ሰዎች ሲጨፍሩ...

«የሺ፣ ስኳሬ ወረደ መሰለኝ፤ ማር አምጪልኝ» አለ ከሳሎን።

«መጣሁ።»

ደግሞ ጠራኝ። «መጣሁ አልኩህ እኮ!»

ስወጣ አልቋል። ስልኩ እጁ ላይ። ወልድያ ለምትማረው ልጃችን ለናርዶስ ደውሎ ኖሯል፤ አላነሳችም።

በጓሮ ወጣሁ። ነጠላዬን ለብሼ በፊት ለፊት በር ገባሁና ጮህኩ። ከገበያ የመጣሁ መስዬ።

ጥር 9

ናርዶስ ከወልድያ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር እዚህ መርሳ መናኸሪያው ፊት ለፊት የለቅሶ ድንኳን ልትተክል ነው። ሬሳው ስልክ ነው፤ ከጣውላ የተሠራ፣ አልጋ የሚያህል፣ ጥቁር። የሚገባ ሰው ስልኩን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ገብቶ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል። በቃ።

ድንኳኑን ከእድራችን፣ ከቅሬው ሰብሳቢ ከጋሽ ሀብቴ ለመነች።

«ሰው ሳይሞት ድንኳን? አንቺ ሟርተኛ!»

«ጨዋታ ሞቶ ነው ጋሼ።»

«እሱማ ከሞተ ቆየ። ቀባሪ አጥቶ ነው።» ሰጧት።

ከሰዓት ነጭ ጨርቅ ላይ በቀለም ስትጽፍ አየኋት። «አባቴ ደወለ። አየሁት። አላነሳሁም።» ድንኳኑ ውስጥ ይሰቀላል።

«ያኔ ምን እያየሁ እንደነበር ታውቂያለሽ እማዬ? ድመት። ድመት ስትዘል።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምን አልኩ? «ፊደሉን አሳምሪው።»

ጥር 13

ድንኳኑ ተተከለ። ወጣቶቹ ስልካቸውን እንደያዙ ገቡ። «ከሬሳው ጋር አንሳኝ!» ይባባላሉ። ናርዶስ ቅርጫቱን ታቅፋ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ከግራና የመጡ ሴቶች ከመኪና ወረዱ። ድንኳን አዩ። ለቅሶ ታይቶ አይታለፍም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ኋላ ይጠየቃል። አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ከፊት እማማ ኑሪያ። ግራና ገበያ ሽንኩርት የምንሸጠው ጎን ለጎን ነው።

«ኢና ሊላሂ... የሺ! ደግሞ ማን ሞተብሽ?»

ልጆቹ ሳቁ። እማማ ግን ጥቁሩን ጣውላ አይተው፣ ጨርቁ ላይ ያለውን አስነብበው፣ እንባቸው መጣ።

«ፈቃዱን አላህ ይማረው። ያን ቀን ገበያ ቦታሽን ይዤልሽ ስጠብቅሽ ዋልኩ። ሳትመጪ ቀረሽ።»

ናርዶስ ዞረች። «እማዬ? ገበያ ነበርኩ አላልሽኝም?»

«እማማ አርጅተዋል። ቀኑ ተምታቶባቸው ነው።»

እማማ አዩኝ። ትክ ብለው አዩኝ። «ይሆናል ልጄ» አሉ፤ «እርጅና ነው።»

ጥር 14

ገበያ ላይ የሰውን ሁሉ ሒሳብ በቃላቸው ይዘው የሚጠየቁ ሴት። በልጄ ፊት አጃጀኋቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 18

ናርዶስ ደወለች። እሑድ ወልድያ ላይ ሊተክሉት ነው።

«እዚያስ ጨርቅ ብቻ አይበቃም። ቆሜ በአፌ እናገራለሁ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ተይ።»

«ለምን እተዋለሁ? ባነሳ ኖሮ እኮ ለጎረቤት ደውዬ...»

«ኔትወርኩ... አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት። ይሰማ ነበር።

አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። የእኔን ሬሳ ተሸክማ ስትዞር እያየሁ ኔትወርክ እላለሁ።

ጥር 20

ግራና ሄድኩ። እማማ ኑሪያ እግር ላይ ወደቅሁ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሳቸው ናቸው።

«ተነሽ። እኔን ምን አድርገሽኛል? አሮጊት አልሽኝ፤ አሮጊት ነኝ። ልጅቷስ?»

«በምን አፌ እማማ?»

«በዋሸሽበት።»

አልቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአፌ ብጀምር ፊቷን አይቼ ሌላ እንደምዋሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገ በመጀመሪያው መኪና ወልድያ እሄዳለሁ። ጨርቁ ሳይሰቀል፣ እሷም ሰው ፊት ሳትቆም እነዚህን ገጾች በእጇ አስይዛታለሁ። እስክትጨርስ ውጭ እቆማለሁ። ወጥታ ባታየኝ... ባታየኝም ይሁን። ሰው ፊት መቆም ካለበት፣ እኔ ነኝ።

እነዚህ ገጾች የናርዶስ ፈቃዱ ናቸው።