ድምፄ ወደ ነበረበት

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

አንድ ረመዳን ያለ አንተ አፈጠርን። ክረምቱም አልፎ የሰፈራችን ጭቃ ደርቋል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተናድጄ ስለነበር ነው። የተናደድኩት በገጨህ የሚኒባስ ሹፌር ላይ ነበር። አሁን ግን ንዴቱ ዞሮ ራሴ ላይ መጣ፤ ለማን እንደምናገረው ስለጠፋኝ ለአንተው ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሱቁን አልዘጋነውም፤ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እኔ እንቀመጣለን። ስኳሩ በቀኝ፣ ሳሙናው በግራ፣ ክብሪቱ ከሚዛኑ አጠገብ፤ አንዱንም ከቦታው አላነቃነቅንም። አንድ ቀን ዘይቱን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ባወርደው ሱቁ እስኪናወጥ ጮህክብኝ። እኔ ደግሞ ስታረጅ ነጭናጫ ሆንክ ብዬ ሳቅኩብህ።

ሌላ ወሬ ልንገርህ፤ ፎቶህ ሙዚየም ገባ! አዎ፣ ያንተ። መሃል ከተማ ያለው ሙዚየም ስለ ማየት የፎቶ ኤግዚቢሽን አዘጋጀና፣ እኛ ፎቶ አንሺዎች ሰው ሲያይ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች አምጡ ተባልን። እኔም ሱቅ ውስጥ ያነሳሁህን ሦስቱን ወሰድኩ። መቼም ታስታውሰዋለህ። ባንኮኒው ፊት ቆሜ ወደዚህ እይ ስልህ ፈገግ አልክ፤ አነሳሁህ። ከዚያ የበሩ ብርሃን የተሻለ መስሎኝ ኮቴዬን አጥፍቼ ወደ ቀኝ ሄድኩና አነሳሁ። ደግሞ እስከ ጥጉ ሄጄ አነሳሁ። አንተ ንቅንቅ አላልክም። ከሱቅ ነጋዴ ይህን የመሰለ ሞዴል ይወጣል ብዬ በሆዴ ኮራሁብህ።

በር በሚያክል ወረቀት አትመው ጎን ለጎን ሰቅለውሃል። ከሥሩ ማንን ነው የሚያየው የሚል ጥያቄ ጽፈዋል። በመክፈቻው ዕለት አንዲት ልጅና ጓደኛዋ ፊትህ ቆመው ይከራከራሉ። እሷ የጥንት ነገር ትዝ ብሎት ነው ትላለች፤ እሱ የለም፣ መንገደኛ እያየ ነው ይላል። እኔ ልጁ ነኝ፣ እኔን ነው የሚያየው ብዬ ልኮራባቸው አፌን ከፈትኩና ወደ ፎቶዎቹ ዞርኩ። በመጀመሪያው ፎቶ እውነት ነው፣ እኔን ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን የምትስቅለት ቦታ ላይ ማንም የለም። እኔ ከዚያ ሄጃለሁ። አንተ ፈገግ የምትለው ድምፄ ወደ ነበረበት ነው።

ወላሂ አባዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በካሜራ ሳይህ ኖሬ፣ አንተ እንደማታየኝ ሳላውቅ ቀረሁ።

በሩጫ ቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት። ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ለካ ታውቅ ኖሯል። ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ ብለሃታል። ለዘይነብ እንዳትነግሪ፣ ካሜራዋን ጥላ ሱቅ ትቀመጣለች ብለህም አስምለሃታል። ምነው አባዬ? ብቀመጥስ? ሐኪም ቤት ይዤህ ብሄድስ? ይኼን ስልህ ደግሞ አፍራለሁ፤ ለማየት የአንተን መናገር መጠበቅ አልነበረብኝም።

ያ ረጅም ሰላምታህም ያኔ ገባኝ። ሰው ሱቅ በገባ ቁጥር እንዴት አደርክ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብቱስ ትላለህ። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ የሸጎሌ ከብት ገበያ በግ ነጋዴ ይመስል! የወሎ ሰው ሰላምታ አያልቅበትም እያልን እንስቅብህ ነበር። አንተ ለካ ድምፁን እስክትለይ ነው የምታስረዝመው። መንገድ ስትሻገር የሰው ክንድ የምትይዘውም ለወሬ አልነበረም። ደንበኞችህ ጠርጥረው ነበር ትላለች እማዬ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ከሁሉ የከፋውን ወደ ኋላ ያቆየሁት ፈርቼ ነው። ሹፌሩ ብሩክ ይባላል፤ ገና ልጅ ነው። ያን ቀን ከመስጊድ ስትመለስ ክንድ የሚሰጥህ ሰው አላገኘህም። ብሩክ ለትራፊክ ፖሊሱ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት እያየኝ ስለነበር ይቆማል ብዬ ነው አለ። ውሸታም አልኩት። ስልኬን አውጥቼ እነዚህኑ ፎቶዎች ለፖሊሱ አሳየሁ። እንዲህ የሚያይ ሰው ነው ዝም ብሎ መኪና ፊት የሚገባው ብዬ ጮህኩ። የአባቴ ዓይን ደህና ካልሆነ የእኔን ዓይን ግንባር ያድርገው ብዬም ማልኩ። ልጁ ታሰረ፣ በኋላ በዋስ ወጣ፤ ክሱ ግን ቀጠለ።

ሽማግሌ ላከ። ሼሁና የእድራችን ሰብሳቢ በራችን ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ፤ አላስገባኋቸውም። እማዬ እባክሽ ልጄ ብትለኝ፣ ድሮም አባቴን አትወጂውም ነበር አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጣ! እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኔ ግን ምላጩን ያስዋጥኩት ለሰው ልጅ ነው።

ከኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ማግስት ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ያወቅኩትን አስጻፍኩ። ጁምዓ ዕለት ብሩክን ይዘውት መጡ። ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት፤ በሁሉም ፊት አባቴ አያይም ነበር፣ አንተ አልዋሸህም አልኩት። እማዬ አንድ ትሪ ላይ አቀረበችልንና አብረን በላን። ሲወጣ ፎቶውን እንዳሳየው ለመነኝ።

ትናንት ሙዚየም ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ፊት ቆመ። ከዚያ፣ አዎ፣ እንዲህ ነው ያየኝ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወደ ውጪ ሲወጣ አልተከተልኩትም።

ብቻዬን ሦስተኛው ፎቶ ጋ ሄድኩ። ፊትህ አልቆምኩም፤ ወደምትስቅበት በኩል ሄጄ ቆምኩ። ዘበኛው እያየኝ ስለነበር የልቤን አልተናገርኩም፤ እዚህ ልበልህ። አናግሬህ ከፊትህ ዘወር በማለቴ ያጣሁትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። አንተንም አልረሳህም። መቃብርህን ስዘይር እንደ ድሮው ቸኩዬ አሰላሙ አለይኩም ብዬ አልመለስም፤ ያንተን ያህል አስረዝመዋለሁ።

አሰላሙ አለይኩም አባዬ። እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ቤቱ ደህና ነው። እማዬ ደህና ናት። ሱቁ ደህና ነው፣ ስኳሩም በቀኝ ነው። ከብቱም ደህና ነው። ድምፄን እስክትለየው ድረስ አላቆምም። እኔ ነኝ አባዬ፣ ዘይነብ ነኝ። እዚሁ ነኝ፣ አልተንቀሳቀስኩም።