በእግሬ ገባሁ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ባልሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ያ ሳሏ ለቀቃት፣ ወይስ አሁንም ኮፍያዋን እያወለቀች ትሮጣለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ለወጉ ያህል አይደለም፤ እግሬም ወገቤም አፌም ደህና ነው። በተለይ አፌ፣ አሁን ታዪዋለሽ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ መነጋገር ስላቃተን ነው። እኔ አንድ ስል አንቺ አስር ትያለሽ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አንጀቴ አይችልምና «እሺ ልጄ» ብዬ እዘጋለሁ። በማግስቱ ወንድምሽ ይደውልና «እማዬ እሺ ብለሻል አይደል?» ይለኛል። ደብዳቤ መሃል ላይ ገብቶ የሚያቋርጠው የለም። ስለዚህ ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቤቱን ሸጬ፣ ጠቅልዬ እናንተ ጋ እንድገባ ከወንድምሽ ጋር መክራችሁ ጨርሳችኋል። ስሸኝም «በመንገድሽ ላይ አስቢበትና ስትደርሺ ቁርጡን ንገሪን» ብለሽኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ቁርጡን ከመናገሬ በፊት ግን መንገዱን ልንገርሽ፤ ያሰብኩት እዚያ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ ለእረፍቱ አመሰግንሻለሁ። ባሕሩን፣ ያንን ጫማዬን አውልቄ የተራመድኩበትን አሸዋ፣ ትንሿ በቀሚሴ ውስጥ ተደብቃ የሳቀችውን ሳቅ እስክሞት አልረሳውም። የቀረውን ደግሞ ልናገር። «እንግዳ ነሽ» እያላችሁ ምድጃ አላስነካችሁኝም። ዳቦ ቤት ድረስ ብቻዬን ሄጄ በመመለሴ ባልሽ ሰፈሩን በመኪና ሲያስስ፣ አንቺ ሥራሽን ጥለሽ መጥተሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ትኩስ ዳቦ ታቅፌ በር ላይ እንደ ሌባ ተጠየቅኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳላስፈቅድ የሠራሁት አንድ ነገር ቢኖር የሳሎንሽን መጋረጃ ማሳጠር ነው። ወለሉን እየጠረገ ነበር። እስካሁን እንዳላስተዋልሽው አውቃለሁ፤ ሂጂና እዪው፣ ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ እንኳ አታገኚውም።

አየር ማረፊያው ላይ ያደረግሽኝን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሻንጣዬ ተመዝኖ ሲያበቃ ዞር ብል አንዲት ልጅ ዊልቸር እየገፋች ትመጣለች። «ምስኪን፣ ለማን ይሆን» ብዬ መንገድ ለቀቅኩ። ለእኔ ነው አልሽኝ። ቋንቋውን አትችይም፣ መሃል ላይ አውሮፕላን ትቀይሪያለሽ፣ እንዳትጠፊብን ነው፣ ሰው ሁሉ ለእናቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው አልሽ። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ «ትንሽ አመም እንዳደረገሽ ሁኚ» አልሽኝ።

ልጄ፣ እኔ ታምሜ እንኳ ደህና ነኝ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ የተማሪውን ሁሉ የደንብ ልብስ ስሰፋ፣ አንቺ የስፌት ማሽኑን ፔዳል ድምፅ እየሰማሽ ነበር እንቅልፍ የሚወስድሽ። ድምፁ ሲቆም ትነቂ ነበር። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ በኋላ ያንን ቤት ያቆመው፣ አንቺንም አስተምሮ እዚያ አገር ያደረሰሽ ይህ እግር ነው። እና ይህንኑ እግር ብረት ላይ አሳርፈሽ «አመም ያድርግህ» አልሽው።

ደሜ ፈላ። ግን ዓይንሽን አየሁት፤ ልጅ ሆነሽ ጨለማ ስትፈሪ የምታዪኝን አስተያየት ነበር የምታዪኝ። ለእሱ ብዬ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ታቅፌ እንደ ተላከ ዕቃ ተገፋሁ። መታጠፊያው ላይ ዞሬ ሳይሽ እጅሽን ታውለበልቢያለሽ፣ ፊትሽ ላይም እፎይታ ነበር። ያ እፎይታሽ ነው ሆድ ያስባሰኝ። የመጀመሪያውን በረራ በኩርፊያ አሳለፍኩት። ምግብ ሲመጣ አልፈልግም አልኩ፤ ቆይቶ ራበኝና አስተናጋጇን በምልክት ለምኜ በላሁ።

አውሮፕላን የምንቀይርበት ከተማ ስንደርስ ገፊዎቹ ተቀበሉንና ወስደው አንድ ግድግዳ ሥር ደረደሩን። ሁላችንም አሮጊትና ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጭናችን ላይ ቦርሳ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ታክሲ ተሰልፈናል። የኔዋ ገፊ በእጇ «ቆዩ» ብላኝ ሄደች። ቆየሁ። ሽንት ቤት መሄድ ፈለግኩ። ለሚያልፈው ሠራተኛ ሁሉ በምልክት ብነግረው ፈገግ እያለ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ያልፋል። ዊልቸር ላይ ስለተቀመጥኩ ጭንቅላቴም የተቀመጠ መስሏቸው መሰለኝ።

ከጎኔ ያለው ዊልቸር ላይ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ጉልበታቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ረጅም ሰውዬ አሉ። በእኛው ቋንቋ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት ብለው ጠየቁኝ። እኔን ምንም አያመኝም፣ የታመመችው ልጄ ናት፣ ፍርሃት ይዟታል አልኳቸው። ሳቁ። እሳቸውንም ያስቀመጣቸው ልጃቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ልጃቸው «መኪና ይቅርብህ» እያለ ቁልፍ ይደብቅባቸዋል። «መሪ ይዤ ኖሬ ዛሬ ተጎታች ሆንኩ፤ ይባስ ብሎ የምትገፋኝ ልጅ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት አትቀንስም» አሉኝ። ከቤትሽ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ሹፌሩ ከመንገድ ምልክት ጋር የኖሩ ናቸውና እያወሩኝም ዓይናቸው ከሰሌዳው ላይ አይነሳም። ድንገት ወሬያቸውን አቋረጡና ሁለታችንም የምንሳፈርበት በር ተቀይሯል አሉ። አዲሱ በር ከሕንፃው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሰው መሳፈር ጀምሯል፤ ገፊዎቹ ደግሞ የሉም። ከተቀመጥን አውሮፕላኑ ጥሎን መሄዱ ነው። ተያየን። መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ፣ ይህንን እወቂልኝ። ፊት ለፊታችን የነበረች ሴትዮ ሁለታችንም ከዊልቸር ላይ ብድግ ስንል አፏን ያዘች፤ ሹፌሩ በምታውቀው ቋንቋ «ድነናል» ብለዋት አለፉ።

ልንሄድ ስንል ከሰልፉ መጨረሻ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀሚሴን ጨበጡ። የሳቸው ሕመም እውነተኛ ነው፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው በካልሲ ብቻ ነበሩ። የሚሳፈሩትም እኛ በምንሳፈርበት ነው። «ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነው?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ሹፌሩ ልግፋ ሲሉ ከለከልኳቸው፤ እርስዎ ምልክቱን ያንብቡ፣ የምገፋው እኔ ነኝ አልኳቸው። ገፋሁ ልጄ። መንገድ ላይ ሽንት ቤትም ገባሁ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ። ሹፌሩ ከፊት ከፊት እየሄዱ ግራ፣ ቀኝ፣ ዳገት አለ እያሉ ይመሩኛል። እግሬ መጀመሪያ ትንሽ ተንገራገጨ፣ ከዚያ እንደ ፔዳሉ ዘመን ምቱን ያዘ። እናትየዋ ከፊቴ ሆነው የሚያልፉትን ሰዎች ሁሉ እንደ ንግሥት እጃቸውን እያነሱ ሰላም ይሉ ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ሠራተኛዋ ስሜን ከኮምፒውተሯ ላይ አንብባ ጠራች። ዊልቸር የጠየቁት ተሳፋሪ የታሉ እያለች ነው ብለው ሹፌሩ ተረጎሙልኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ፣ ሁለት እጄ የሌላ ሰው ዊልቸር እጀታ ላይ እንዳለ። ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ላቤን አየች። ከዚያ ሦስታችንንም አሳለፈችን።

በሁለተኛው በረራ ላይ ከሹፌሩ አጠገብ የነበረው ሰው ወንበር ቀየረልኝና ጎን ለጎን ተቀመጥን። የኮታቸው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ አየሁና አላስቻለኝም። መርፌና ክር ከቦርሳዬ ተለይተውኝ አያውቁም፤ ፈታሾቹ እንኳ አይተው መልሰውልኛል። ኮቱን አስወልቄ ከደመና በላይ ቁልፍ ተከልኩ። እየሰፋሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቤቱን፣ እናንተን፣ ቁርጡን። አልመከሩኝም። አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ እንጂ። እጄ ቆመ። ልጄ፣ አንቺም ወንድምሽም ስንት ነገር ስትጠይቁኝ ይህን ጠይቃችሁኝ አታውቁም። ሰውዬው ከአንቱ ወደ አንቺ የተሻገሩትም እዚያ ላይ ነው፤ እኔም አላረምኳቸውም።

የመለስኩላቸውን ላንቺም ልንገርሽ። የፊት ለፊቷ ክፍል ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ማሽኑ ላይ ታርፋለች። እኔ ያንን ማሽን ጨርቅ ያለበስኩት አንቺ «በቃሽ፣ አሁን እረፊ» ስላልሽኝ እንጂ በቅቶኝ አልነበረም። እሺ ካልኩሽ ቀን ጀምሮ እዚያች ክፍል ስገባ ሬሳ የተሸፈነ ይመስለኛል። እኔ የምፈልገው ጨርቁን ማንሳት ነው አልኳቸው። ይህን ስል አለቀስኩ፤ አስተናጋጇ የታመምኩ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

አገር ስንደርስ የአውሮፕላኑ በር ላይ ደግሞ ሌላ ዊልቸር ስሜን ለጥፎ ይጠብቀኛል። ገፊው እንዳያፍር ብዬ ቦርሳዬንና የሹፌሩን ኮት አስቀመጥኩበት። እሱ ዕቃውን እየገፋ፣ እኔ ጎን ጎኑን እየሄድኩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት እያወራን ወጣን። ስደርስ ነግሬሽ በስልክ የጮህሽብኝ በዚህ ነው። ጩኸትሽን ሰምቻለሁ፣ ደግሞም ገብቶኛል፤ ስለምትወጂኝ ነው። እኔም ስለምወድሽ ነው ዕቃ መሆን ያቃተኝ። ዕቃ ልጁን አይናፍቅም።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸውልሽ። ቤቱ አይሸጥም። ጠቅልዬም አልመጣም። ማሽኑን ዘይት ቀብቼ፣ ቀበቶውን አስቀይሬ አስነስቼዋለሁ፤ በቤቴ በር ላይ ደግሞ የሰው ሱሪ ተሰቅሏል። ለእረፍት ስትጠሪኝ እመጣለሁ፣ ምድጃውን ግን ታስነኪኛለሽ፣ ዳቦ ቤትም ብቻዬን እሄዳለሁ። ዊልቸር ካየሁ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ። ወንድምሽ ቤቱን ሊያይ የሚመጣ ገዢ አለ ብሎኛል። ይምጣ፤ ሱሪውን አሳጥሬ እልከዋለሁ።

ሌላ ወሬ ጠይቀሽኝ ከሆነ ብዙም የለኝ። ሹፌሩ ደህና ነው። አንቱታው የት እንደቀረ አትጠይቂኝ። የሰውዬው ልብስ ግን አንድም ቁልፍ የማይበረክትለት ሆነ፤ ኮቱ ሲያልቅ ሸሚዙ፣ ሸሚዙ ሲያልቅ ሹራቡ ቀጠለ። ባለፈው የመጣውን ክር መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ ተበጥሶ ሳይሆን በመቀስ ተቆርጦ ነው። ቁልፉን ተከልኩለት፣ እሱም የአጥሩን በር ማጠፊያ ጠገነልኝ፤ ያ አባትሽ ከሞተ ጀምሮ ሲጥ ሲጥ ሲል የነበረው አሁን ድምፅ የለውም።

ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብለሽ ያስጨነቅሽኝን ጥያቄ አልረሳሁትም። እሱን በደብዳቤ አልመልስልሽም፤ ስትመጪ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ለአባትሽ ያለኝ ፍቅር የትም አልሄደም፣ ፎቶውም ከግድግዳው አልወረደም። ይህን ያልኩሽ እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ ፈቃድ እየጠየቅኩ አይደለም።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ሥራሽን ያቅናልሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ እጇ የተገነጠለውን አሻንጉሊቷንም ይዛ ትምጣ፣ እሰፋላታለሁ። ፍርሃትሽን ያንሳልሽ፣ ፍቅርሽን ግን አይንካብኝ።

ለእረፍት ስትመጡ ታክሲ አትያዙ። አየር ማረፊያ የሚቀበላችሁ መኪና አለ፤ አሮጌ ናት፣ መታጠፊያ ላይ ግን ፍጥነት ትቀንሳለች። ሦስታችሁም ከኋላ ትቀመጣላችሁ። የፊተኛው ወንበር የእኔ ነው።

የምትወድሽና የማትታዘዝልሽ
እናትሽ