ፍንጭቴን ላኪልኝ

ደብዳቤ ለተወችብኝ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ ቁመታቸው የት ደረሰ? ያ ብርድ እየጠበቀ የሚነሳብሽ ሳልስ ተወሽ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከሚያኮርፍብኝ በቀር ደህና ነኝ። “ደህና ነኝ” ብሎ መጻፍ ከመናገርም እንደሚቀል ያወቅሁት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ነው።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። አንቺ ደብተር ይዘሽ ስትመላለሺ እኔ የደንብ ልብስሽን ስሰፋ ኖሬ፣ የልጅ ልጅ ከሚሆኑኝ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቄ የተማርኩት ነው። የስፌት ቤቱ ሴቶች “አሁን ተምረሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?” እያሉ ሲሳለቁብኝ ከረሙ። እኔ ግን በሰው እጅ የማላስጽፈው ነገር ነበረኝ። አንቺም ይህን ለማንም ጮክ ብለሽ አታንብቢ።

ጥርስ እያስተከልኩ ነው።

አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እያወለቁ ብርጭቆ ውስጥ የሚያሳድሩትን ዓይነት አይደለም። ሐኪሟ ድዴን ከፍታ፣ አጥንቴን በስታ፣ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አስገባችበት። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ወራት ይጠበቃል፤ ጥርሱ ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ይታሰራል። “አጥንት ባዕድ ነገር አይጠላም እንዴ?” ብዬ ጠየቅኋት። “ይሄንን ይወደዋል፣ እማማ። ሳይነካኩት ከተዉት የራሱ ያደርገዋል” አለችኝ።

እማማ! ዘንድሮ መንገደኛው ሁሉ እማማ ይለኛል። ቃሉን ከማይመለከተው ሰው ሁሉ ሰማሁት።

ማደንዘዣውን ስትወጋኝ ከንፈሬ ከእኔ ተለይቶ ራቀ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ መብራቱ እንደ ነጭ አንሶላ ቀስ ብሎ ወረደብኝ። የመሰርሰሪያው ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ የስፌት መኪና ሆነ። በድሮው ክፍላችን መስኮት ሥር ተቀምጬ እሰፋለሁ። የጨርቅ ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ አይወድቅም። አንቺ ወለሉ ላይ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎችሽን ትደረድሪያለሽ። ከዚያ ብድግ ብለሽ መዳፍሽን ዘረጋሽልኝ፤ ሁለት ጥርሶች አሉበት። “እታለም፣ ወድቀው አገኘኋቸው፤ የአንቺ ናቸው?” አልሽኝ። ልቀበልሽ እጄን ስሰድ ሐኪሟ “ይትፉ” አለችኝ።

ጥርስ ሲወልቅ በሕልም ማየት ዘመድ መሸኘት ነው ይባላል። ሲበቅልስ? የስፌት ቤቱን አለቃ ብጠይቃት “በአንቺ ዕድሜ ሲበቅል ያየ ስለሌለ ፍቺ አልወጣለትም” ብላኝ አረፈችው።

ሐኪሟ ራጁን አይታም “ሌሎቹ እኮ ድንጋይ ናቸው። እነዚህ የፊት ሁለቱ ብቻ ምን ነክቷቸው ወለቁ?” አለችኝ። “ታመው” አልኳት። ይህን መልስ ምላሴ እኔን ሳያማክር ይሰጠዋል።

አልታመሙም ነበር። አንቺ ይህን አታውቂም።

እኔና እናታችን ሁለት ሆነን ወደ አክስታችን ሄደን ሦስት ሆነን የተመለስን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እናታችንን “እንኳን በሰላም ተገላገልሽ” አላት። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። አዝዬሽ ዞርኩ። አፍሽን ስትፈቺ እታለም እንድትይኝ እናታችን አስተማረችሽ፤ ቶሎ ያዝሽው።

የመጀመሪያ የወተት ጥርስሽን በስፌት ክር አስሬ የነቀልኩልሽ እኔ ነኝ። ትልልቆቹ ሲበቅሉ በመካከላቸው ብርሃን አስገብተው ፍንጭት ሆነሽ ወጣሽ። መስታወት ፊት ቆመሽ “እማዬ፣ ይሄን ከማን አመጣሁት?” እያልሽ ትጠይቂያት ነበር። የእሷ ጥርስ እንደ በቆሎ የተገጠገጠ ነበር። “ከእግዜር” ትልሽ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ ያቺ ወሬ ካገኘች ምሳዋን የምትረሳው፣ እኔና አንቺ ደጅ ላይ ስንሳሳቅ ደረሰች። አንዴ አንቺን አንዴ እኔን አየችና “ውይ! ይቺ ልጅ የአንቺን ጥርስ ነው እንዴ ገልብጣ ያወጣችው?” አለች። እናታችን አልሳቀችም። ሴትዮዋ ስትሄድ ወደ እኔ ዞራ “ጥርስሽ ታሟል” አለችኝ።

“ምንም አልሆነም።”

“ታሟል አልኩሽ! ካልሆነ አክስትሽ ዘንድ ትሄጂያለሽ፤ ልጅቷ እዚሁ ትቀራለች።”

በማግሥቱ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ወሰደችኝ። ነቃዩ ራሱ “ይሄ ጤነኛ ነው፣ ምኑን ልንቀለው?” ብሎ ጉጠቱን አስቀምጦ ነበር። እናታችን እኔን ብቻ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ ክር በጥርሴ በጥሼ አላውቅም። ሳቅ ሲመጣ እጄ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። በሠርግሽ ቀን ፎቶ አንሺው ሲያሰልፈን ጆሮዬ ሥር “እታለም፣ አፍሽን ግጥም አድርጊ፤ ለአልበም ነው” አልሽኝ። ግጥም አደረግሁ። እናታችን ስታርፍም “አንቺ እንባ የለሽም እንዴ?” ብለሽ ተቆጥተሽ ሄድሽ፤ ደብዳቤሽም አብሮሽ ሄደ። እንባስ ነበረኝ፣ የኔ እመቤት። ለእሷ ይሁን ለራሴ መለየት ስላቃተኝ ነው የያዝኩት።

አሁን ብሎኖቹ ይዘዋል። የቀረው ጥርሱ ነው። ጥርስ ሠሪው፣ ደግ ሰው፣ “ሲስቁ የተነሡት የድሮ ፎቶ የለም?” አለኝ። የለም። “እንግዲያው ግጥም አድርጌ እሠራዋለሁ፤ ሰው እንኳን ፍንጭቱን እያስዘጋ ነው” አለኝ።

“ግጥም አልፈልግም። ግጥም ጠግቤያለሁ። ፍንጭት ነበርኩ፣ እንደነበርኩ ሥራኝ” አልኩት።

“ስፋቱን ሳላይ በግምት አልሠራም፣ እማማ።”

“የእህቴ አለ።”

ራሱን ነቀነቀ። “የእህት ይለያያል። የልጅ ቢሆን እንኳን ይሻል ነበር።”

“ግድ የለህም፣ ፎቶው ይምጣ” አልኩት።

ስለዚህ የምትስቂበት ፎቶ ላኪልኝ። አፍሽን ሳትሸፍኚ፣ ፍንጭትሽ ወለል ብሎ የሚታይበት። ዝናቡ ሳይገባ ካልደረሰው ግጥም አድርጎ ሊሠራው ነው፤ ብረቱን ከያዘው አጥንት ጋር እኔም እንደዚያው ግጥም ብዬ መቃብር እገባለሁ። ከመጣልኝ ግን ጥርሴን ይዤ እመጣለሁ። መስታወትሽ ፊት ከጎንሽ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ልጅ ሳለሽ እናታችንን የጠየቅሻትን እኔን ጠይቂኝ።

ትንሿ ልጅሽ ጥርሷን ቀየረች? ፍንጭት ሆና ከወጣች እንዳታስዘጊባት። ቤትሽን ሳቅ አያልቅበት፤ የሳቀብሽን ሳይሆን የሳቀልሽን ያብዛልሽ። ሳልሽን ሙቅ ውኃ አትንፈጊው። እኔ ደግሞ ፖስተኛው በበሩ ባለፈ ቁጥር መርፌዬን አቁሜ አዳምጣለሁ።

እታለም ስትይኝ የኖርሽው